ምግብ አልወርድ ሲል፦ ስለ አካሌዥያ ኦፕራሲዮን ለቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው። ምግብ አልወርድ ካለው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተብሎ ኦሜፕራዞል ሲውጥ ከረመ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ስለሚያስለውና ስለከሳ ቲቢ ተጠርጥሮ ተመረመረ፤ ነፃ ነው ተባለ። አሁን ባሪየም ጠጥቶ ራጅ ሲነሣ «አካሌዥያ ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» አሉን። እስካሁን 14 ኪሎ ቀንሷል። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ደግሞ «በአፍ ገብተው የሚሠሩት አለ፣ ለምን ሆዱ ይቀደዳል?» ይላል። ኦፕራሲዮኑ ምንድን ነው? ይድናል? ደግሞስ ይመለስበታል?

መልስ፦ እህቴ፣ በጨጓራ መድኃኒት ያ ሁሉ ጊዜ ማለፉ አያስገርመኝም። እኛ አገር ከደረት በታች የሚሰማ ነገር ሁሉ መጀመሪያ «ጨጓራ» ነው። አካሌዥያ ደግሞ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ ብርቅ በሽታ ነው። ጥፋተኛ ፍለጋ አልገባም፣ ምክንያቱም እኔም አለሁበት። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንዲት ወጣት «ውሃ እንኳን ይቆምብኛል» ስትለኝ ጭንቀት ነው ብዬ ሸኝቻታለሁ። ራጇን ያየሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሐኪም እጅ ላይ ነው። ዛሬ «ውሃ እንኳን» ሲባል ጆሮዬ ቀጥ ይላል። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ እንረዳ። ኦፕራሲዮኑ የሚገባዎት ያኔ ነው።

የምግብ ቧንቧ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ምግብ ውስጡ ዝም ብሎ አይወድቅም። ቧንቧው ራሱ ከላይ ወደ ታች እየተኮማተረ ይገፋዋል። ሰው ተዘቅዝቆ እንኳን ውሃ መዋጥ የሚችለው ለዚህ ነው። ቧንቧው ጨጓራ ጋ ሲደርስ የጡንቻ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ሁልጊዜ ዝግ ነው። ስንውጥ ይላላል፣ ምግቡ ሲያልፍ መልሶ ይዘጋል። በር ነው ይበሉት። በሩን «ክፈት» የሚሉት ደግሞ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩ ጥቃቅን ነርቮች ናቸው። እነሱ ዘበኞቹ ናቸው።

አካሌዥያ ማለት ዘበኞቹ ሞቱ ማለት ነው። ብዙ ባለሙያዎች የሰውነት መከላከያ በስህተት ያጠቃቸዋል ብለው ያስባሉ። በሩ እንደተዘጋ ይቀራል። ከበሩ በላይ ያለው ቧንቧም በወጉ መግፋቱን ይተዋል። ምግቡ እዚያው ይጠራቀማል፣ ቧንቧው እየተለጠጠ ይሰፋል። ሰውየው ሲተኛ የተጠራቀመው ወደ ላይ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ወደ ሳንባ ይገባል። የባለቤትዎ የሌሊት ሳል ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ትራሳቸው ላይ ልጋግ ወይም ያልተፈጨ ምግብ አይተው ያውቃሉ? አይተው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት።

እንግዲህ «ይድናል ወይ?» ላሉኝ መልሱ ይኸውልዎት። የሞተ ዘበኛ የሚያስነሣ ሕክምና የለም። መድኃኒቱም፣ በሩ ላይ የሚነፋው ባሉንም፣ ኦፕራሲዮኑም፣ ዘመድዎ የሚሉት በአፍ የሚገባውም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፦ በሩን ማላላት ወይም መስበር። በሩ ሲሰበር ምግቡ ይወርዳል። ብዙው ሰው ይበላል፣ ክብደቱ ይመለሳል፣ ሌሊት ይተኛል። ቧንቧው ግን እንደ ድሮው አይገፋም። ምግቡ የሚወርደው በገዛ ክብደቱና በውሃ እየታገዘ ነው። ደግሞም የተሰበረ በር ከታች የሚመጣውንም አያስቆምም። የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ይወጣል፣ ቃር ይመጣል። ሐኪሞች ስለ አካሌዥያ የሚከራከሩት ሁሉ በሩ ምን ያህል ይከፈት፣ አሲዱስ በምን ይያዝ በሚለው ላይ ነው።

አሁን ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅዎት። ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ) ተሠርቶላቸዋል? በጥያቄዎ ውስጥ ባሪየም ብቻ ነው ያየሁት። ባሪየም ሲጠጣ የቧንቧው ታች እንደ ወፍ መንቆር ሾሎ ከታየ አካሌዥያን በጣም ያስጠረጥራል። ነገር ግን የጨጓራው መግቢያ ላይ ያለ ካንሰርም ያንኑ መንቆር ሊያስመስል ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። በተለይ አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይበት አካባቢ ነው። ምግብ አልወርድ ያለው ሰው ሁሉ ካሜራ ገብቶለት በዓይን መታየት አለበት። ያለዚያ ቢላ አይነሣም።

«ውሃ እንኳን» የሚለው ቃል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በደረቅ ምግብ ይጀምራል። መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ፣ ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ አጥሚት፣ በመጨረሻ ውሃ። ይህም በወራት ውስጥ ይሆናል። አካሌዥያ ግን ገና ከመነሻው ደረቁንም ፈሳሹንም ያስቸግራል፣ ዓመታትም ይፈጃል። የባለቤትዎ ዕድሜና ሁለት ዓመት ተኩሉ ለአካሌዥያ ያደላሉ። ቢሆንም መገመትና ማየት ይለያያሉ። ኢንዶስኮፒው ይሠራ።

ማኖሜትሪ የሚባል ምርመራም አለ። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ የቧንቧውን ግፊት ይለካል። በዚህ ልኬት አካሌዥያ በሦስት ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው ቧንቧው ጨርሶ የዛለበት ነው። ሁለተኛው ቧንቧው በሙሉ አንድ ላይ የሚወጠርበት ሲሆን ለሕክምና ከሁሉ ይመቻል። ሦስተኛው ቧንቧው እንደ ቁርጠት የሚጨማደድበት ነው፤ ደረት ያሳምማል፣ ያስቸግራልም። መሣሪያው ሁሉም ቦታ አይገኝም። ከተገኘ ይሠራ። ካልተገኘ ጥሩ ባሪየምና ጥሩ ኢንዶስኮፒ ይዞ ሥራ የሚሠራ ሐኪም ብዙ ነው።

ወደ ኦፕራሲዮኑ ልምጣ። ከታሪኩ ትንሽ ብጀምር ይፍቀዱልኝ፣ እወደዋለሁና።

በ1674 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቶማስ ዊሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ምግብ አልወርድ ስላለው አንድ ሰው ጻፈ። ለሰውየው ከዓሣ ነባሪ አጥንት ዘንግ ሠራለት፣ ጫፉ ላይ ስፖንጅ አሰረበት። ሰውየው በበላ ቁጥር ያንን ዘንግ በጉሮሮው እየሰደደ ምግቡን ወደ ጨጓራው ይገፋ ነበር። እንዲህ እያደረገ 15 ዓመት ኖረ። የዛሬው የባሉን ሕክምና የዚያ ዘንግ የልጅ ልጅ ነው። ቢላ የመጣው ግን በ1913 ነው። ላይፕዚግ ውስጥ ኤርንስት ሄለር የሚባል ጀርመናዊ ሰርጅን የበሩን ጡንቻ በቁመቱ ሰነጠቀው። እሱ ከፊትም ከኋላም ነበር የሰነጠቀው። በኋላ የመጡት የፊቱ ብቻ እንደሚበቃ አዩ። ባለቤትዎ ታዝዞላቸው ከሆነ የታዘዘው ይኸው ነው፤ ዛሬም የሄለር ኦፕራሲዮን ይባላል።

ሰዎች «ጉሮሮው ይቆረጣል» ሲባሉ የሚደነግጡት ቧንቧው ተቆርጦ የሚወጣ ስለሚመስላቸው ነው። ምንም ተቆርጦ የሚወጣ ነገር የለም። የቧንቧው ግድግዳ ንብርብር ነው። ውጭው ጡንቻ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ስስ፣ ለስላሳ ሽፋን። ሰርጅኑ ጡንቻውን ብቻ ይሰነጥቃል፣ ስሱን ሽፋን ሳይነካ ይተወዋል። የሽንኩርት የላይኛውን ልጣጭ በቢላ ጫፍ ሰንጥቀው የውስጡን ሳይነኩ መተው እንደማለት ነው። ጡንቻው ግራና ቀኝ ሲገነጠል ስሱ ሽፋን በመካከሉ ጉብ ብሎ ይወጣል። ያንን ጉብታ ሳይ ነው የምተነፍሰው።

ስንጥቁ ቧንቧው ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ወደ ታች ደግሞ ጨጓራው ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህቺ የታችኛዋ ክፍል ናት ዋናዋ። ሰርጅን ፈርቶ እዚህ ላይ ካጠረ በሩ በከፊል ይቀራል፣ ሰውየውም በወራት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ከኦፕራሲዮን በኋላ «አልተሻለኝም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ታሪካቸው ይኸው ነው። ጨጓራው ላይ ደግሞ ጡንቻው ከሽፋኑ ጋር ስለሚጣበቅ መላቀቁ ይከብዳል። ለዚህ ነው ሥራው የለመደ እጅ የሚፈልገው።

ስሱ ሽፋን አንዳንዴ ይበሳል። አውሮፓ ውስጥ በተደረገና በ2011 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከመቶው 12 ላይ ተበስቶ ነበር። ቁጥሩን ሲሰሙ አይደንግጡ። እዚያው ከታየ እዚያው ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜም ሰውየው ምንም ሳይሆን ይወጣል። አደገኛው ሳይታይ የቀረ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ሰርጅኑ ከመዝጋቱ በፊት አየር ወይም ቀለም ያለው ፈሳሽ ልኮ ይፈትሻል።

በመጨረሻ ለአሲዱ መላ ይበጃል። የጨጓራው የላይኛው ክፍል ተስቦ ስንጥቁ ላይ እንደ ነጠላ ጣል ይደረግና ይሰፋል። ሙሉ ለሙሉ አይጠመጠምም፣ ምክንያቱም የማይገፋ ቧንቧ ላይ ጠበቅ ያለ ጥምጥም ማሰር በሩን መልሶ መዝጋት ነው። ይህቺ ከፊል የጨጓራ ሽፋን ምን ያህል ትጠቅማለች? በ2004 በታተመ አንድ ጥናት ያለ ሽፋኑ ኦፕራሲዮን ከተደረጉት ግማሽ ያህሉ የአሲድ መመለስ ታየባቸው። ሽፋኑ ከተሠራላቸው ውስጥ ግን ከመቶ 9 ብቻ። ሐኪምዎን «ሽፋኑን ይጨምራሉ?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ በላፓራስኮፒ ይሠራል። ሆድ ላይ አምስት ያህል ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ ካሜራ ይገባል። ስለዚህ «ሆዱ ይቀደዳል» የሚለው ለአብዛኛው አይሠራም። ላፓራስኮፒ በሌለበት ሆድ ተከፍቶም ይሠራል። ቁስሉ ትልቅ ነው፣ ማገገሙ ይረዝማል፣ ውስጥ ያለው ስንጥቅ ግን ያው ነው። መቶ ጊዜ ከፍቶ የሠራ ሰርጅንና ሁለት ጊዜ በካሜራ የሠራ ሰርጅን ቢያቀርቡልኝ፣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

አሁን የዘመድዎን ነገር እንይ። እውነታቸውን ነው፣ በአፍ ገብተው የሚሠሩት አለ። ፖኤም ይባላል። ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ በ2008 ነው በሰው ላይ የጀመረው። ኢንዶስኮፑ በአፍ ይገባል፣ የቧንቧው ስስ ሽፋን ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል፣ በስሱ ሽፋንና በጡንቻው መካከል ዋሻ እየቆፈረ ይወርዳል። ከዚያ ጡንቻውን ከውስጥ ይሰነጥቅና መግቢያውን በክሊፕ ዘግቶ ይወጣል። በቆዳ ላይ ጠባሳ አይተውም። እኔ ሰርጅን ነኝ፣ ለቢላ አድላ ቢሉኝ አልክድም፤ ግን ይህ ሥራ ድንቅ ነው።

«ቢላ የለውም» ማለት ግን ስህተት ነው። ቢላ አለው፣ ከውስጥ ነው እንጂ። የሚሰነጠቀውም ያው ጡንቻ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ሁለቱን ጎን ለጎን አወዳደረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፖኤም 83 ከመቶ፣ በሄለር ደግሞ 82 ከመቶ ገደማ ሰው ደህና ነበር። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ አሲዱ ላይ ነው። ፖኤም የጨጓራውን ሽፋን አይጨምርም። በዚያው ጥናት በሁለተኛው ዓመት ቧንቧቸው በአሲድ ቆስሎ የታዩት በፖኤም 44 ከመቶ ሲሆኑ በሄለር 29 ነበሩ። ቃር የሚመጣበት ብዙ ሰው መድኃኒት ይውጣል፣ ይኖራል። ነገር ግን የ38 ዓመት ሰው ገና 40 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ያን ያህል ዘመን በመድኃኒት ላይ መኖር ቀላል ነገር አይደለም። ፖኤም በግልጽ የሚበልጥበት ቦታ ሦስተኛው ዓይነት አካሌዥያ ነው። እዚያ ስንጥቁ ወደ ላይ ረጅም መሆን አለበት፣ በአፍ ሲገባ ደግሞ የፈለጉትን ያህል ማስረዘም ይቻላል።

ባሉንም አለ። በሩ ላይ ተቀምጦ በአየር ይነፋና ጡንቻውን ይበጥሳል። መጠኑ ከ30 ሚሊ ሜትር ይጀምራል፣ እንደ ሁኔታው ወደ 35 እና 40 ይወጣል። በዚያ በ2011ዱ የአውሮፓ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ 86 ከመቶ ደህና ነበሩ፤ በኦፕራሲዮን ደግሞ 90። የሚናቅ አይደለም፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። ቧንቧውን የመቅደድ ዕድልም አለው፣ ከመቶ ከ1 እስከ 4 ገደማ። ስለዚህ ሰርጅን በሌለበት ቤት ባሉን አይነፋም። ደግሞም ከ40 ዓመት በታች ባሉ ወንዶች ላይ ባሉን ብዙ እንደማይበረታ ይታወቃል። ባለቤትዎ እዚያው መስመር ውስጥ ናቸው።

መድኃኒቶቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የደም ግፊት ክኒኖች በሩን ትንሽ ያላሉታል፣ ራስ ያሳምማሉ፣ ብዙም አይቆዩም። ቦቶክስ መርፌ ለወራት ያላላዋል፣ ብዙውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ኃይሉ ያልቃል። ማደንዘዣ ለማይችሉ አዛውንቶች ጥሩ ነው። ለወጣት ሰው ግን አልመክርም፣ ምክንያቱም ጠባሳ እየተወ የኋላውን ኦፕራሲዮን ያከብደዋል።

እንግዲህ ሳልመረምር መፍረድ ባልችልም፣ ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ከሆነ እኔ ለባለቤትዎ የምመርጠው የሄለርን ኦፕራሲዮን ከነጨጓራው ሽፋን ነው። የታዘዘላችሁ ትክክል ይመስለኛል። ፖኤም ደህና አድርጎ የሚሠራ ሰው አቅራቢያችሁ ቢኖርና ቢመርጡት ግን አልቃወምም። ለፖኤም ብላችሁ ብቻ ቤት ሽጣችሁ ውጭ አትሂዱ።

ኦፕራሲዮኑ እስኪደርስ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ክብደታቸው ነው። 14 ኪሎ ብዙ ነው። የሚወርድላቸውን ይስጧቸው፦ ወተት፣ አጥሚት፣ በደንብ የቀጠነ ሽሮ፣ በወተት የተመታ ሙዝና አቮካዶ። ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግሞ፣ ቁጭ ብለው። ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል። ኦፕራሲዮኑ ወይም ኢንዶስኮፒው ሊደረግ አንድና ሁለት ቀን ሲቀር ፈሳሽ ብቻ ይውሰዱ። ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያም «ቧንቧው ውስጥ ምግብ ይጠራቀማል» ብለው በአፋችሁ ንገሩት። የተጠራቀመ ምግብ በማደንዘዣ ሰዓት ወደ ሳንባ ቢገባ ሕይወት ያሳጣል። «ከማታ ጀምሬ ጾሜያለሁ» የሚለው ለሌላው ሰው ይበቃል፤ ለአካሌዥያ ሕመምተኛ አይበቃም።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙው ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይተኛል። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል ለስላሳ ምግብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረት ላይ የጠና ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የልብ ፈጣን ምት ከመጣ «ቁስሉ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ያልታየ ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ኦሜፕራዞሉን አይጣሉት። እስካሁን ያለ ቦታው ነበር፣ ከበሩ መከፈት በኋላ ግን ሥራ ሊያገኝ ይችላል።

እንጀራ ይበላሉ። ሥጋም ይበላሉ፣ በደንብ ከታኘከና ውሃ አጠገብ ካለ። ትልቅ ጉርሻ ግን ይቅር። በዓል ሲመጣ የሚያጎርስ ዘመድ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፣ እርስዎ ይከላከሉላቸው። ከእራት እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆዩ። የአልጋውን ራስጌ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በእንጨት ወይም በጡብ ከፍ አድርጉት። ትራስ መደራረብ አንገት ያጎብጣል እንጂ አይጠቅምም።

«ይመለስበታል ወይ?» ላሉኝ፦ ሊመለስ ይችላል። ከአሥር ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሕክምና ይፈልጋሉ። ስንጥቁ አጥሮ ይሆናል፣ ጠባሳ መልሶ አጥብቦት ይሆናል፣ የጨጓራው ሽፋን ጠብቆ ይሆናል። ያኔ ባሉን ወይም ፖኤም ይሞከራል፣ አንዳንዴም ኦፕራሲዮኑ ይደገማል። ቧንቧው ጨርሶ ሰፍቶ እንደ እባብ የተጣመመባቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው ቧንቧው ራሱ የሚወጣላቸው። ከዚያ ውጭ አካሌዥያ ለረጅም ዓመት የቆየበት ሰው ለቧንቧ ካንሰር ያለው ዕድል ከሌላው ከፍ ይላል። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ አሁኑኑ ይተዉት። ከዓመታት በኋላም ደህና ነኝ ቢሉ አልፎ አልፎ ኢንዶስኮፒ ይታዩ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥዎት። ዛሬ ማታ ወረቀት ያውጡና ባለቤትዎን አራት ነገር ይጠይቋቸው። መዋጥ ምን ያህል ጊዜ ያስቸግርዎታል? ምግብ ምን ያህል ጊዜ ይመለስብዎታል? ደረትዎን ምን ያህል ጊዜ ያምዎታል? ለሦስቱም ምንም ከሌለ 0፣ አልፎ አልፎ ከሆነ 1፣ በየቀኑ ከሆነ 2፣ በበሉ ቁጥር ከሆነ 3 ይስጡ። አራተኛው የቀነሱት ኪሎ ነው፤ ከ10 በላይ ስለሆነ 3 ይጻፉ። ድምሩ ከ12 ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ኤካርት የሚባለው ይህ ድምር 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሞች ተሳካ ይሉታል። ወረቀቱን ከባሪየሙ ራጅ ጋር በአንድ ፖስታ አድርገው ያስቀምጡት። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሌላ ባሪየም ሲነሡ ሰርጅኑ የድሮውን መጠየቁ አይቀርም።